የድስቱ ክዳን ሲነሳ

«ክፈቱት ድስቱን...»

ኡበይድ ከበሩ ጀምሮ እየጮኸ ነው የገባው።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጴንጤዎቹ ጦርነት ለጎዳቸው ሴቶች የከፈቱት ስፌት ቤት ነው። ምሳ ሰዓት ነበር።

ዙለይሃ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀና አለች።

ባሏን ጦርነቱ በላባት... ቤቷ ተቃጠለ... ልጇን ኢልሀምን ይዛ የባሏ ወንድም ግቢ ተጠጋች። የባሏ ወንድም ማለት ይኸው ኡበይድ ነው።

ያስጠጋ ሰው ነውና ጠዋት ማታ ያስታውሳታል።

«የክርስቲያን እርድ እየበላሽ የወንድሜን አጥንት አስወቀስሽው» አላት።

ወሎ ላይ ይኼን የማያውቅ የለም። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ሰርግ ይጨፍራል፣ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣል... እርድ ላይ ሲደርስ ግን ድስት ይለያል።

የቤቱ ኃላፊ ሕይወት ተነሳች።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ...»

«አንቺ ዝም በይ። ዛሬ በወጥ፣ ነገ በስብከት... መንገዳችሁን እናውቀዋለን።»

ወደ ዙለይሃ ዞረ።

«ተነሺ። ካልተነሳሽ ማታ በሬን እንዳታንኳኪ። ልጅሽም ጭምር።»

ዙለይሃ ሌላ ማደሪያ የላትም...

ይኼኔ ከማድ ቤት እትዬ አሲያ ብቅ አለች። የቤቱ ወጥ ሠሪ፣ የኡበይድም ጎረቤት ናት።

«ኡበይዶ... በየሳምንቱ ዶሮ ይዤ ማን ቤት ነው የምመጣው?»

«እኔ ቤት።»

«ማን ያርድልኛል?»

ኡበይድ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ።

ሴት አታርድም። አሲያ ደግሞ ባሏ የሞተባት ናት። ኡበይድ ቢስሚላህ ብሎ ባርኮ ያርድላታል... ለማን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም።

«ገዝታ የምትልከኝ ሕይወት ናት። ‹ሙስሊም ይረድልሽ፣ ሴቶቹ ሳይሳቀቁ ይብሉ› ብላ። የክርስቲያኖቹ ድስት ያውልህ፣ ወዲያ ነው።»

የሙስሊሞቹን ድስት ክዳን አነሳችው።

«ይቺንም ዛሬ ጠዋት ያረድካት አንተ ነህ። ያውም ጉበቷን አስቀርተህ።»

አንዷ ሳቋ አመለጣት።

አሁን ይቅርታ ይላል ብላችሁ ጠበቃችሁ አይደል?

«ቢሆንም ተነሺ» አላት።

ለካ ነገሩ እርዱ አልነበረም...

ስፌት ከጀመረች ወዲህ ዙለይሃ ሳሙና ስጠኝ፣ ጨው ስጠኝ ማለት ትታለች። እሱን የቆረቆረው ይኼ ነው።

ገብቷታል። ጉርሻዋን ጎረሰች... ቀስ ብላ አኘከች... ዋጠች።

«ኢልሀምን ማታ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለችው።

«እኔ ጋ ናችሁ» አለች አሲያ፣ ክዳኑን እየመለሰች።

በሳምንቱ ኡበይድ ቢላውን ስሎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። እንደ ልማዱ...

አሲያ ዶሮዋን በብብቷ ይዛ መጣች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ኡበይዶ።»

አልቆመችም። ሦስተኛው ቤት ገባች... እዚያም ማረድ የሚችል ወንድ አለ።

ወዳጆቼ... አንዳንዱ ሰው ሃይማኖት የሚጠቅስባችሁ ለነፍሳችሁ አስቦ አይደለም። ያለ እሱ መኖር እንደምትችሉ ስላየ ነው።

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ... ማደሪያ ሳይኖራችሁ፣ እናንተ ያችን ጉርሻ ትውጧት ነበር ወይስ ትተፏት?