ካሜራው ወደ ውሃው ዞረ

በቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ የዘመኑ ሰው ሁሉ የሚያስታውሳት አንዲት ምስል አለች፤ ባዶ ውሃ። ጀልባ የለም፣ ሰው የለም፣ የሚናገር ድምፅ የለም። የሐይቁ ገጽ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ይተነፍሳል። መምህራን ዛሬም ለተማሪዎቻቸው እያሳዩ፣ «ሐዘንን ሳያሳዩ ማሳየት ማለት ይህ ነው» ይላሉ፤ ምስጋናውንም ለዳይሬክተሩ ይሰጣሉ።

ዳይሬክተሩ ግን ያን ምስል አላዘዘም።

ጊዜው ረፋድ ነበር። ለማግስቱ የዋና ውድድር ስርጭት ሊለማመዱ የማስተላለፊያ መኪናቸውን ሐይቁ ዳር ያቆሙት የጣቢያው ሠራተኞች፣ መንገደኛ የጫነች ጀልባ ከዓይናቸው ፊት ስትገለበጥ አዩ። ካሜራው በርቶ ነበር። ጣቢያው ከስቱዲዮ ውጭ በቀጥታ ሲያስተላልፍ ያ የመጀመሪያው ሆነ።

ዳይሬክተሩ በመቆጣጠሪያው ክፍል ከወንበሩ ላይ ነበር። በዚያ ቤት አንድ የማይታጠፍ ሕግ አለ፤ ስርጭት ላይ ያለ ዳይሬክተር ሰማይ ቢደፋበት እንኳ አይነሣም፣ ስልኩም ተነቅሎ ይቆያል። ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ነው።

ከመስታወቱ ማዶ ዜና አንባቢዋ ተቀምጣለች። ባሏ የዚያችው ጀልባ ሞተረኛ ነው።

«ትቀየር» አለ ዳይሬክተሩ ለድምፅ ቴክኒሻኑ። «ሌላ አንባቢ ጥራልኝ።»

«ጠይቄያት ነበር፣ ጋሼ። ‹ቤት ሄጄ ከግድግዳ ጋር ከምፋጠጥ እዚሁ ሆኜ ልስማው› አለችኝ።»

«ይቺ ልጅ ደፋር ናት ወይስ ግትር?»

«ሁለቱም ናት። እርስዎ አይደሉ ያሠለጠኗት?»

ዳይሬክተሩ ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። አንባቢዋ የሴት ልጁ እኩያ ናት፤ በሠርጓም ሚዜዋ የነበረችው ልጁ ናት። እናቷ በጊዜ ስለሞተችባት፣ የስቱዲዮውን ገመድ እየዘለለች በካሜራማኖቹ ትከሻ ላይ ያደገች አንድ ፍሬ ልጁ። ጠዋት ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው አክስቷ ስትነሣ፣ «በአውቶቡስ ነው የምትሄጂው» ብሎ እንደ ልማዱ ሲያስጠነቅቃት፣ «ውሃ የምትፈራው አንተ፣ አቧራ የምቅመው እኔ» ብላ ጉንጩን ስማው ወጥታለች። ይህን ጊዜ አክስቷ ቤት እግሯን ሰቅላ ይህንኑ ስርጭት እያየች ይሆናል። ለጓደኛዋም ታለቅሳለች።

«ዓለቱ» ሲል በጆሮ ማዳመጫው ተጣራ፤ ካሜራማኑን ሁሉም የሚጠራው በዚህ ስም ነበር፣ እጁ ተንቀጥቅጦ አያውቅምና። «ወደ ዳርቻው ጠጋ በል። የሚያወጧቸውን አሳየኝ።»

በሞኒተሩ ላይ ዋናተኞች አንድ ሰው ተሸክመው ከውሃው ሲወጡ ታየ። ፊቱ ገና አልተለየም። በዚህ መሀል ምስሉ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያም ዳርቻውን ጥሎ ወደ ባዶው ውሃ ዞረ።

«ምን ሆነሃል? መልሰው እንጂ።»

አልተመለሰም።

«ትሰማኛለህ?»

«እሰማሃለሁ» አለ የዓለቱ ድምፅ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ። «አልመልሰውም፣ ወንድሜ።» ይህን ብሎ ማዳመጫውን አወለቀ።

ዳይሬክተሩ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ገባው። ሞተረኛውን አውጥተውታል፤ ሚስቱም ስቱዲዮ ውስጥ ከፊቷ ባለው ሞኒተር የባሏን አስከሬን እንዳታይ ዓለቱ ካሜራውን አዙሮላታል።

«የጨዋ ልጅ» አለ ለራሱ። «ይቆይ። ውሃው ላይ ይቆይ።»

ቴክኒሻኑ ከመኪናው የሚመጣውን ሌላ መስመር ያዳምጥ ነበር። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ እኔ ልያዝልዎት። ትንሽ ወጣ ብለው አየር ይውሰዱ።»

«ሕጉን ረሳኸው?»

«ሕጉ ለዛሬ ይቅር፣ ጋሼ። በሞቴ።»

«እኔን ተወኝና እሷን ተመልከት። እንዳትነግራት፤ ስርጭቱ ይለቅና እኔው እነግራታለሁ።»

ቴክኒሻኑ ግን ድምፅ ከአንባቢዋ ጆሮ የሚያደርሰውን ቁልፍ ተጭኖ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ዳይሬክተሩ እጁን ሊይዘው ሲንጠራራ ነገሩ አልቆ ነበር። የአንባቢዋ ፊት ጨለማ ቤት ውስጥ ክብሪት እንደ ተጫረበት ቦግ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ድርግም ብሎ ጠፋ። ተስፋ ስትሞት እንዲህ ናት፣ ሲል አሰበ ዳይሬክተሩ።

አንባቢዋ ቀና ብላ በመስታወቱ አሻግራ አየችው። ዓይኗን ከዓይኑ ልትነቅል አልቻለችም። ማይክራፎኗ ክፍት ነው፤ እሷ ዘንድ ገብቶ ቃል ቢተነፍስ አገር ይሰማዋል። ሊያቅፋት ቢወድ መስታወቱ፣ ሊነሣ ቢወድ የገዛ ሕጉ አሰሩት። ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ፤ አይዞሽ፣ ልጄ።

እሷም ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፈነች።

«ለምን ነገርካት?» አለ ዞር ብሎ። «ምን አንጀት አለህ?»

ቴክኒሻኑ ጀርባውን ሰጥቶ ያለቅሳል።

ውሃው በሞኒተሩ ላይ መተንፈሱን ቀጠለ። ያዘዘው የለም፤ የከለከለውም የለም። ዳይሬክተሩ ለአንባቢዋ የሚላትን ቃል በልቡ ይመርጥ ጀመር። አንዱ ይከብደዋል፤ አንዱ ይቀልበታል፤ ለወጣት ሴት ባልሽ ቀረ የሚባልበት ቃል ከየት ይመጣል?

በዚህ ጊዜ የክፍሉ በር ተከፈተ።

ሞተረኛው ነበር። ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው ይንጠባጠባል፤ ያመጣው ጥበቃ ከኋላው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ዳይሬክተሩ ስርጭት ላይ ሳለ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሩ ብድግ አለ። በጣቱ ወደ መስታወቱ ጠቆመ።

«ተመስገን! ያቻትልህ፤ ሂድ፣ ግባላት፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ሞተረኛው ወደ መስታወቱ አልተመለከተም። መጥቶ ከዳይሬክተሩ እግር ሥር ተንበረከከና፣ «ጋሼ፣ ልጅዎን… እጇን ይዣት ነበር» አለ።