ደዋዩ የጠየቀው

«ልጅህ ቆስሏል። ቀላል ነው፣ አትደንግጥ» አለ ሰውየው በስልክ፣ በጠራ ዕብራይስጥ።

ደርሶ የቤቱን ስልክ እጀታ በሁለት እጁ ያዘው። ያሪቭ ከጓዶቹ ጋር ጋዛ ከገባ ስምንት ቀኑ ነው። ሲገቡ ሞባይላቸውን ስለሰበሰቡባቸው ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። ደርሶ የሚሠራበት ፋብሪካም ከጋዛ በሚተኮሰው ሮኬት ምክንያት ስለተዘጋ ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥኑ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲመላለስ ነው የሚውለው። ዛሬም ጠዋት ሻዩን ቆሞ እየጠጣ ሳለ ነበር ስልኩ የጮኸው።

«ማን ልበል?»

«ከክጺን ሀኢር ነው፤ ከወታደር ቤተሰቦች ጉዳይ ቢሮ። የያሪቭና የኦሪያን አባት ነህ አይደል?»

«ነኝ። የት ሆስፒታል ነው ያለው?»

«እነግርሃለሁ። ቁስለኛው ብዙ ስለሆነ እንዳንሳሳት መጀመሪያ አንተ አረጋግጥልኝ። የየትኛው ጦር ክፍል ነው? መጨረሻ ሲደውል የት ነን አለህ?»

ያሪቭ ሊገቡ ሲሉ ደውሎ የቦታውን ስም በችኮላ ነግሮት ነበር፤ ለማንም እንዳትናገር ብሎ። ስሙ አሁን የደርሶ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሷል።

ሴት ልጁ ኦሪያን ከክፍሏ ወጣች። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ አርፍዳ ነው የምትነሳው። የአባቷን ፊት ስታይ እዚያው በሩ ላይ ቆመች። ደርሶ እጀታውን በመዳፉ ሸፍኖ፣

«ከጦሩ ነው የሚደውሉት። ወንድምሽ ቆስሏል» አላት።

ልጅቷ ቀለሟ ተለወጠ። ወዲያው ግን ጠጋ ብላ የደዋይ ቁጥር የሚታይበትን የስልኩን መስኮት አየች። ቁጥር የለውም።

«ምን ጠየቀህ?»

«ክፍሉን። ያለበትን ቦታ።»

«አባ፣ ጦሩ የራሱ ወታደር የት እንዳለ አባትየውን ይጠይቃል? እነሱ ናቸው። ትናንት ከጋዛ በየሞባይላችን ያንን ማስፈራሪያ የላኩት ናቸው። ዝጋው።»

«ታዲያ ስማችንን ከየት አወቁት?»

ኦሪያን ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። «ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ለጥፌው ነበር። ከነዩኒፎርሙ፣ ከነስማችን። የቤታችንን ቁጥር ከስልክ ማውጫ ማንም ያገኘዋል።»

ደርሶ ገባው። ቢገባውም እጁ እጀታውን ማስቀመጥ እንቢ አለው። እውነት ቢሆንስ? በስምንት ቀን ውስጥ የልጁን ስም ጠርቶ ያነጋገረው ሰው ይህ ብቻ ነው።

«ጊዜ የለንም፣ አባት» አለ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጁ አንተን እየጠራ ነው።»

ደርሶ የቦታውን ስም ሊናገር አፉን ከፈተ።

የሮኬት ማስጠንቀቂያው ጩኸት የተነሳው ያኔ ነው። ለመሸሸግ ያላቸው ሠላሳ ሰከንድ ነው። ሕንጻው አሮጌ ስለሆነ መጠለያ የለውም፤ የአቲቆት ሰፈር ሰው እንደሚያደርገው ደረጃው ሥር መሮጥ ነበረባቸው። ኦሪያን ክንዱን ጎተተችው። የስልኩ ገመድ በሩ ድረስ እንኳን አይደርስም። አልንቀሳቀስ ሲላት እሷም ጥላው አልሄደችም፤ እግሩ ሥር ቁጢጥ ብላ ሱሪውን ጨምድዳ ያዘች።

ፍንዳታው ቤቱን ናጠው። ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ተንኳኩ።

ከስልኩ ወዲያ ሰውየው፣

«ኤይፎ ናፋል?» አለ። የት ወደቀ? «ቅርብ ነው? ሺምሾን ሰፈር ነው ወይስ ባርኔአ?»

በነዚህ ሳምንታት ጩኸቱ ሲነሳ ስልክ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ፣ እህቱም፣ የፋብሪካው አለቃም፣ በስህተት የደወለች አንዲት ሴት እንኳን፣ መጀመሪያ ያለው ቃል «ሩጥ» ነበር። ይህ ሰው የጠየቀው የወደቀበትን ነው። ዒላማ ለማስተካከል እንደሆነ ደርሶ ገባው። በመስኮቱ በኩል፣ ከሺምሾን ሕንጻዎች ጀርባ፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ይታየዋል።

«ባሕር ውስጥ» አለ፣ በዚያ ሁልጊዜ በሚያደናቅፈው ዕብራይስጥ፣ አንዴም ሳይደናቀፍ። «ሁሉም ባሕር ውስጥ ነው የሚወድቀው።»

ዘጋው።

ኦሪያን መጀመሪያ እናቷ ጋ ደወለች። ትዋበች ባርኔአ ሰፈር ያለች አንዲት አሮጊት ለመንከባከብ በጠዋት ነው የወጣችው። «ደህና ናት» አለች ልጅቷ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። «ፎቶውን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።» ደርሶ እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ። ሰውየው እንደዋሸ ያውቃል። ቁስሉን ግን ጥሎበት ሄዷል፤ አንዴ የልጁ እግር ላይ ይታየዋል፣ አንዴ ሆዱ ላይ። ኦሪያን እውነተኛው ቢሮ ደጋግማ ደወለች፤ መስመሩ ተይዟል። እሱ ክፍሉን እየዞረ ያንኑ ወንበር ሦስት ጊዜ ከቦታው አነሳ፣ ሦስት ጊዜ መለሰ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁንም ቁጥር የለውም።

«አታንሳው» አለች ኦሪያን።

አነሳው። በዕብራይስጥ ግን አልተናገረም። «አቤት፣ ማን ልበል?» አለ በአማርኛ፤ ጠበቀ።

የሞተር ድምፅ። ሽውታ።

«አባ፣ እኔ ነው።»

ያሪቭ ነው። ቤት ውስጥ አባቱ በአማርኛ ሲጠይቀው በዕብራይስጥ እየመለሰ ያደገ ልጅ ነው፤ ይህን የተሰባበረ አማርኛ ማንም አስመስሎ ሊናገረው አይችልም።

«ቆስለሃል?»

«ምን ቁስል? ደህና ነኝ። ስልኩ የአለቃዬ ነው፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ሰጠኝ። ስማኝ፣ አሁን እኛ ያለው...»

«ተው» አለ ደርሶ። ኦሪያን ቀና ብላ አየችው። «የት እንዳለህ አትንገረኝ።»

ስምንት ቀን ሙሉ ከዚህ በቀር ማወቅ የፈለገው ነገር አልነበረም።

ከያሪቭ ጀርባ ሞተሩ ይጮሃል፣ ራቅ ብሎ አንድ ሰው ይስቃል። ደርሶ ዓይኑን ጨፍኖ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ የቀረችውንም ደቂቃ የልጁን ትንፋሽ እየሰማ ጨረሳት።