ሆን ብላ

ክሱ ተነብቦ ሲያበቃ የደብረ ማርቆሱ ዳኛ ቀና ብለው፣ «ክሱን ታምኛለሽ?» ሲሉ አሰገደችን ጠየቋት። አጠገቧ የቆመው ወጣት ጠበቃ የነጠላዋን ጫፍ ጎተት አደረገ። መንግሥት ያቆመላት ነበር፤ የተገናኙትም በዚያው ጠዋት፣ በር ላይ ነው። «አመንኩ በይ፤ ቅጣቱ ይቀልልሻል» አላት በሹክሹክታ። አሰገደች ግን ከክሱ ውስጥ አንዲት ቃል እንደ እሾህ ተሰክታባት ነበር። «ሆን ብላ» ይላል፤ ሆን ብላ የመንደሯን ጭቃ ሹም የጤፍ ክምር አቃጠለች።

ነጠላዋን ከእጁ መንጭቃ አስለቀቀች።

«ጌታዬ፣ ከማሳዬ ዳር አረም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ነፋስ ተነሥቶ እሳቱን ወደ ክምሩ ወሰደብኝ። ላጠፋው ስታገል እጄን ለበለበኝ። ሆን ብላ የሚለውን ግን ቢሰቅሉኝም አላምንም።»

ዳኛው ወደ ጠበቃው ዞሩ። «ይህን ነግራሃለች?»

ጠበቃው አንገቱን ደፋ። «አልጠየቅኋትም፣ ክቡር ዳኛ።»

«እንግዲያው የማን ጠበቃ ነህ? ውጡና አነጋግራት። ከሰዓት በኋላ እንሰማችኋለን።»

ደጅ ከባሕር ዛፉ ሥር ሲደርሱ ጠበቃው ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። አሰገደች አላስጨረሰችውም። ጠዋት «እርስዎ» ስትለው የነበረውን ሰው ትኩር ብላ አየችው።

«የምታሰረው እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም» አለችው። «ተቀመጥና ከመጀመሪያው ስማኝ።»