ቀድሞ የደረሰ ፍርድ

ጸሐፊዋ እቴነሽ የዳኛ ክፍሌን ፍርድ መተየብ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። የወሲብ ጥቃት መዝገብ በመጣ ቁጥር ዳኛው የሚያስጽፏት ያንኑ ነው፤ «ጥፋተኛው ባለትዳርና በሰፈሩ የተከበረ በመሆኑ ቅጣቱ በገደብ ይሁንለት።» የሚለወጠው ስም ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ችሎቱ ሊጀመር ሲል ከአዲሱ መዝገብ ጋር ፍርዱንም አስቀመጠችላቸው። ዳኛው የፍርድ ቀን መስሏቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ተከሳሹ ፈገግ ብሎ እጅ ነሣ። እናቷን ጥብቅ አድርጋ የያዘችው ልጅ አቀረቀረች።

ዐቃቤ ሕጓ ተነሣች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተበዳይዋ እኮ ገና ቃሏን አልሰጠችም!»

ከኋላ አንዱን ሳቅ አመለጠው። ዳኛውን ላብ አጠመቃቸው።

«ማን ጻፊ አለሽ?» አሏት እቴነሽን።

«ውይ ጌታዬ! ሁልጊዜ ያው ስለሆነ ላግዝዎት ብዬ ነው።»

መዝገቡ በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ችሎት ተዛወረ። እዚያ ልጅቷ ቃሏን ሰጠች፤ ሰውየው ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት።

እቴነሽ ግን በሥራ ላይ ባሳየችው ዝርክርክነት ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ሌላ ጸሐፊ ስላልነበረ ደብዳቤውን የተየበችው ራሷ ነች፤ አንዲት ፊደል እንኳ አልሳተችም።