የግራው ዝም አለ

የእርግብ ላባዋን በቱፋይል ቀኝ ጭን ውስጥ ከጉልበቱ ወደ ላይ ሳብ አደርጋለሁ። ፎጣውን ገለጥ አድርጌዋለሁ። ቀኝ ቆለጡ አለቃው እንደገባበት ጸሐፊ ብድግ ይላል፤ በማሸቻው አግዳሚ ዙሪያ የቆሙት ትግለኞች በሳቅ ይፈርሳሉ።

በከተማችን በጉጅራንዋላ ከእኔ ላባ ያመለጠ ትግለኛ የለም። የሁሉንም ገላ የማሸው እኔ ነኝ፤ ከግጥሚያ በፊት ፍርሃታቸውን የማስወጣው በዚህች ቀልድ ነው። ሁለቱ ፍሬዎች ሙቀት ስለማይወዱ አላህ ከቤት ውጪ ሰቅሏቸዋል፤ ብርድ ወይም እንግዳ ነገር ሲነካቸው በገመዳቸው ሽቅብ ይሸሻሉ። የአንዱ ሸሽቶ ሸሽቶ ጉሮሮው ላይ ደረሰና በውሃ አወረድነው ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ያመነኝም አለ።

ላባዋን ወደ ግራው ጭን አዞራለሁ።

ምንም።

እደግማለሁ። የግራው አብጦ፣ ከቦታው ከፍ ብሎ አግድም ተጋድሟል። ፍንክች አይልም።

"እንቅልፍ ወስዶታል፤ ሻይ አምጡለት" ይላል ጉልፋም፣ የትግለኞቹ ሁሉ ነገረኛ። ይስቃሉ። ቱፋይል አይስቅም። የጠጣውን የለውዝ ወተት ጠዋት አስመልሶታል። ግንባሩ ላይ ያለው እኔ የቀባሁት ዘይት አይደለም።

"መቼ ጀመረህ?" እለዋለሁ ወደ ጆሮው ዝቅ ብዬ።

"ስነቃ። በቢላ የወጉኝ ነው የመሰለኝ።"

አሰልጣኙ ኡስታዝ ሂዳያት ውሃ የጠጣውን ቀይ የትግል ግልድም ይዘው ይገባሉ።

"ኡስታዝ፣ የግራው አልዘለለም" እላቸዋለሁ። "ሆስፒታል እንውሰደው።"

ጎንበስ ብለው ያዩታል። ፊታቸው ይፈካል።

"አበጠ? እሰይ የኔ ልጅ። ዓመት ሙሉ ሴት ሳታይ፣ ዘርህን ሳታፈስ ቆይተህ የት ይሂድ ታዲያ? ምግብ ደም ይሆናል፣ ደም መቅኔ ይሆናል፣ መቅኔ ዘር ይሆናል። ሞልቶብህ ነው። ዛሬ ተጋጣሚህን የሙልታኑን ልጅ እንደ ጆንያ ነው የምታነሳው።"

"ገመዱ ተጠምዝዞ ነው፣ ኡስታዝ። ደም አይደርሰውም። ድሮ ሆስፒታል ተቀጥሬ የበሽተኛ አልጋ ስገፋ አይቻለሁ። ቶሎ የመጣው ተረፈለት፤ እስኪመሽ የታገሰው እንደ ተምር ጠቁሮ ተቆርጦ ወጣለት።"

"የቱ ሆስፒታል?" ይላል ጉልፋም። "ሦስት ቆለጥ ያለው ሹፌር የተኛበት?"

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ይደርሳል። ያንን ሹፌር የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሦስተኛውን ሲያስወጣ የፈታችውን ሚስቱንም ጭምር።

የጤነኛውን ላሳያቸው ብዬ ላባዬን ይዤ ጉልፋምን ጥግ አስይዘዋለሁ። ፎጣውን ገፍፌ ቀኙን ስነካው ቀኙ ይዘላል፣ ግራውን ስነካው ግራው ይዘላል። "ይኸው፣ የዚህ ሁለቱም ነቅተዋል" እላለሁ። ወደሚቀጥለው ትግለኛ ስሄድ ሌሎቹ መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸውን ይጠርጋሉ። በዕድሜዬ እንዲህ አስቄ አላውቅም።

ኡስታዝ ግልድሙን በቱፋይል ጭኖች መሀል አሳልፈው፣ እግራቸውን አግዳሚው ላይ ተክለው ይስባሉ። ቱፋይል አንዲት አጭር ድምፅ ያወጣል። ከሰው ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነው። ኡስታዝ ወገቡ ላይ ተጋጣሚ የማይፈታውን ቋጠሯቸውን ያስሩና ትከሻውን መታ ያደርጉታል።

"ከበሮው ሲጠራህ ውጣ። አንተ ቀልደኛ ደግሞ አፍህን ዝጋ።"

ሁሉንም ይዘው ይወጣሉ። ሁለታችን ብቻ እንቀራለን።

"ቢሉ" ብሎ በስሜ ይጠራኛል ቱፋይል። "ቀልድህን ነው አይደል?"

ግንባሩን በፎጣው እጠርግለታለሁ።

"የቀኙን ታውቃለህ" ይለኛል።

አውቃለሁ። እንደኔ አሽቶት የሚያውቅ የለም። ጎረምሳ እያለ ጆሮ ደግፍ ወርዶበት ቀኙ ከሽንብራ የማይበልጥ ሆኖ ቀርቷል። ሐኪሙ በግራው ትወልዳለህ ብሎታል። የሚያገባው በሚመጣው ወር ነው፤ ሙሽሪት የልብሷን ጥልፍ ጨርሳለች።

"ቀልድ ነው በለኝ፣ ወንድሜ።"

አፌን እከፍታለሁ። ውሸት ጎድሎበት የማያውቅ አፍ ነው። አሁን አንዲት ውሸት ፈልጌ አጣሁ።

ከውጪ ከበሮው ይጀምራል። ሕዝቡ ስሙን ይጠራል። ቱፋይል ያየኛል፣ ከዚያ ወገቡን ያያል።

"ፍታልኝ።"

እንበረከካለሁ። እርጥቡ ጨርቅ እርስ በርሱ ተናክሶ ድንጋይ ሆኗል። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች በጥፍራችን እንቧጥጠዋለን። ጥፍሬ ይሰበራል። ከበሮው ይፈጥናል። ቋጠሮውን በጥርሴ እይዘዋለሁ።