ዛሬ አልጠቆረም

«ዛሬስ?» አለ ታላቅ ወንድሟ ከደጃፉ ቆሞ፣ እርጥቡን ጆንያ ከትከሻው ሳያወርድ።

ኬሚስቷ ሙከራዋን የምታበስልበትን የብረት ጋን ክዳን ጨምድዳ ይዛ ትታገለዋለች። ከባሕር አረም ስኳር እያወጣች፣ ስኳሩን ፕላስቲክ ወደሚሠራበት አሲድ ልትለውጥ ስትለፋ ዓመታት አልፈዋል። አረሙ ባሕሩ የሚተፋው ነው፤ ለውጡን የሚያፋጥነው ዱቄትም ከሸክላ አፈርና ከኖራ የተቀመመ ተራ ነገር። ውጤቱ ግን ሁሌም ያው ነው፤ ስኳሩ ያርርና እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ይወጣል።

ጆንያውን ዘፍ አደረገው። «እታለም፣ እንግዲህ ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ወገቤ እምቢ አለኝ። ልጆቼም ና እኛ ጋ እያሉኝ ነው። ነገ እሄዳለሁ።»

«ደግ አደረግክ፣ ጋሼ።» ከልቧ ነው። አረሙን ከቀዝቃዛ ውኃ ሲጎትት ጎብጦ ቀርቷል፤ አንድ ቀን እንኳ «ይሄ ነገር ምን ይረባል?» ብሏት አያውቅም።

ክዳኑ ለቀቀ። በትንሽ ብርጭቆ ቀድታ ወደ መስኮቱ አነሳችው።

ጥርት ያለ ነው። ዓይኗን አላመነችውምና ጠብታ ወስዳ ለመለኪያው መሣሪያ ሰጠችው። መሣሪያውም አሲድ ነው አለ።

ስትጠብቀው የኖረችው ደስታ ግን አልመጣም። የመጣባት ሌላ ሐሳብ ነው፦ ከነገርኩት ይቀራል።

«ጠቁሯል» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው። «ሂድ በቃ፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል።»

እየተጎተተ መጣና ብርጭቆውን ከእጇ ወሰደ። አዘንብሎ አየው፤ አሸተተው።

«አንቺ መቼም ከልጅነትሽ ውሸት አይሆንልሽም።» ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። «ከዚያ ሁሉ ጆንያ ይህችን ታህል ብቻ?»

«ይህችኑ ብቻ።»

«እንግዲያው ገና ብዙ አረም ያስፈልግሻል ማለት ነዋ።»

«ሰው እቀጥራለሁ፣ ጋሼ።»

«ባሕሩንስ ማን ያለማምዳቸዋል?»

ገና ሙቀቱ ያልወጣለትን ጋን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «እስኪ ትንሽ ልረፍ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

እንቅልፍ ሲወስደው፣ ብርጭቆው ከጣቶቹ ከማምለጡ በፊት ተቀበለችው። በመስኮቱ ቁልቁል፣ ማዕበሉ ቡናማውን አረም እያመጣ በዳርቻው ይከምረዋል፤ ክምር በክምር ላይ፣ ሰብሳቢ በሌለበት።