ተራራ የሚወጣው አውቶቡስ

አውቶቡሱ ገደሉን ታክኮ ወደ ላይ ሲታጠፍ ነርሷ የአባቷን እጅ አየች። ከፊቱ ያለውን የመቀመጫ ብረት የሙጥኝ ብሎ ይዟል፤ ዓይኖቹንም ጨፍኗል። በመስኮቱ በኩል ያስቀመጠችው እሷ ነበረች፤ ሸለቆው ከዚያ ወገን ይበልጥ ያምራል ብላ። ለዚህ ቀን ስትል ተራ እንዲቀይሯት ባልደረቦቿን ለምናለች፤ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው እንደሚያገናኝ ስታጠያይቅ ሰንብታለች። አባቷ ጡረታ ከወጣ ወዲህ «ተራራ አሳዪኝ» ከማለት አፉ ቦዝኖ አያውቅም ነበርና።

«አባዬ፣ አመመህ እንዴ?» አለች፣ ልማድ ሆኖባት የእጁን ትርታ እየፈለገች።

«ደህና ነኝ። ገደል ስለምፈራ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልጅነቴ።»

ሳቋም ንዴቷም እኩል መጣባት። «ታዲያ ተራራ ተራራ እያልክ ለምን መከራዬን አበላኸኝ?»

አባትየው ዓይኑን ሳይገልጥ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። «ቅርብ ቦታ ብልሽማ ምሳ ሳይደርስ ትመልሺኛለሽ» አለ። «ይኼ ግን ደርሶ መልስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል ሲሉ ሰማሁ።»

ቤቱ ልትጠይቀው ስትመጣ ሁልጊዜ መድኃኒቱን አቀብላው፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ እንኳ ሳታወርድ ነበር የምትወጣው። ተነስተው ቦታ ተለዋወጡ፤ ገደሉ በእሷ በኩል ሆነ። ጣቶቹን ከብረቱ አላቅቃ በእጇ ያዘቻቸው።

«በሚቀጥለው እረፍቴስ ወዴት እንሂድ?» አለችው።

«ሜዳ ይሁን» አለ አባቷ፤ «ግን ሩቅ።»